ፒያሳ ያለችው ኮምፒውተር ቤትና ልቦለዴን የምትተይብልኝ ልጅ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ጎንደር ውስጥ ሆናችሁ በእጅ የተፃፈ ረዘም ያለ ነገር ታይፕ ማስደረግ ከፈለጋችሁ ፒያሳ ያለችውን ይቺን ቤት ሞክሯት፣ ዋጋዋ ደህና ነው፣ ስህተት አይጠፋም ግን ሳያኮርፉ ያርማሉ፣ መቀመጫ የለም። በቃ። ከዚ በላይ ለማንበብ ትግስት ያለው ይቀጥል፣ እኔ አጭር ነገር መፃፍ ያልተሰጠኝ ሰው ነኝ፣ በስልክ መልእክት ስልክላት እንኳ እህቴ "ልቦለድሽ ደርሶኛል" ብላ ነው ምትመልስልኝ።

ቤቷ ስም የላትም። ታፔላው ላይ "ኮምፒውተር ፅሁፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን" ነው ሚለው፣ እንደሱ ሚል ታፔላ ደሞ ፒያሳ ላይ ሞልቷል። ከጣሊያን ጊዜው ፖስታ ቤት አለፍ ብሎ ወደ ውስጥ ሚያስገባ ቅያስ አለ፣ እዛ ገብታችሁ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በር ላይ ተገትሮ ግማሽ መንገዱን የዘጋበትን ቤት ስታዩ እሱ ነው። ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንደኛው ላይ ባለቤቱ ጉርድ ፎቶ ያስተካክላል፣ ሁለተኛው ላይ ልጅቷ አለች። ይሄ ሁሉ ፅሁፍ ስለሷ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ምፅፈው የወንጀል ልቦለድ ነው። ቀን መዝገብ ቤት እሰራለሁ፣ ማታ ሰው እገድላለሁ (ደብተር ላይ ማለቴ ነው)። በእጄ ነው ምፅፈው፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ፣ ኮምፒውተር ስለማልችል አይደለም፣ ስክሪን ፊት ስቀመጥ ሰዎቼ በሙሉ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ማውራት ይጀምራሉ፣ "ከላይ በተገለፀው መሰረት በስለት የተወጋሁ መሆኔን እየገለፅኩ" ምናምን። ስለዚህ ደብተሩ ሲሞላ የሆነ ሰው ጋ መሄድ ግድ ነው፣ እና ያ ሰው ከኔ ቀጥሎ ታሪኩን ሚያነብ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል ማለት ነው፣ አሳታሚ ሳያየው፣ ጓደኛ ሳያየው፣ እህቴም ሳታየው። ሰው ይሄን ነገር አቅልሎ ሲያየው ይገርመኛል። ታይፕ ቤት ሲመርጥ ዋጋ ብቻ ጠይቆ ይገባል።

ስለ ስራው ጥራት ልጀምር። አማርኛ ሚተይብ ቤት ስትገመግሙ መጀመሪያ አራት ነጥቡን እዩት። ብዙ ቦታ ትክክለኛውን "።" ትተው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመቱታል፣ "፡፡" እንደዚ፣ በአይን ያው ይመስላል ግን አረፍተ ነገሩ መስመሩ ጫፍ ላይ ካለቀ አንዱ እዛው ይቀርና ሌላኛው ወደታችኛው መስመር ይወርዳል፣ ከዛ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ታገኛላችሁ፣ መፅሀፍ ሲሆን ደሞ ይሄ በየገፁ ነው። ይቺ ልጅ ሳልነግራት አንዷን ምልክት ነው ምትመታው። ቀጥሎ ፎንት። የድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ነበራቸው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ሚጋራው የፊደላት ኮድ ማለት ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ይሄን ያህል አመት አልፎም ግን በድሮው ፎንት ሚተይብ ቤት አለ፣ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ቆንጆ ሆኖ ይታያል፣ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ ስትከፍቱት የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። እዚ ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ነው ሚሰሩት፣ ፋይሉን ለራሴ በቴሌግራም ልካልኝ እቤቴ ገብቼ አንብቤዋለሁ፣ አንድ ፊደል አልተበላሸም።

የመስመር ክፍተትም አለ። ዋጋ በገፅ ስለሆነ ፊደሉን ወደ 14 ከፍ፣ ክፍተቱን ወደ ሁለት ለጠጥ ያደርጉና አንድ ደብተር ሁለት መፅሀፍ ሚያክል ሆኖ ይመጣል፣ ከዛ ሂሳብ ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ። እዚ ባለቤቱ ራሱ "12 ነው ምንሰራው፣ ክፍተቱ አንድ ተኩል" ብሎ መጀመሪያ ነግሮኛል፣ እስካሁንም አልቀየረብኝም። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ።

ስህተት አለ ብያለሁ። የኔ እጅ ፅሁፍ ስለማይነበብ ጥፋቱ ማን ጋ እንደሆነ መለየት ይከብዳል ግን አንዱን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሻለቃ ይሞታል፣ ማታ አረቄ ሲጠጣ አምሽቶ። ምዕራፉ ሚያልቀው "ጎህ ሳይቀድ ሻለቃው ሞተ።" ብሎ ነው፣ ብቻውን መስመር ላይ፣ ሰው ልብ እንዲደነግጥ። ታይፕ ተደርጎ ሲመጣ "ጎህ ሳይቀድ ሻለቃው ሞቀ።" ይላል። የኔ "ተ" አናቷ ላይ ትጠቀለልና "ቀ" ትመስላለች። ልጅቷን ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "እትዬ፣ ያን ሁሉ አረቄ ጠጥቶ ሞቅ ያለው መስሎኝ ነው እኮ፣ ይሞታል ብዬ አልጠረጠርኩም"። ሳቄ አላቆም አለ። ግን አስቡት፣ ዝም ብላ ፊደል የምትለቅም ልጅ ብትሆን እንዲ አትልም ነበር፣ ሰውየው ምን እየሆነ እንዳለ እየተከታተለች ነው ምትተይበው። ሻለቃው ስሙ ኃይሉ ነው፣ እሱንም መጀመሪያ ላይ አንዱ ጋ ኃይሉ፣ አንዱ ጋ ሀይሉ፣ ሌላው ጋ ሐይሉ አድርጋው ነበር፣ ስሙን ፈልጌ ላርም ስል ኮምፒውተሩ ሶስት የተለያየ ሰው ነው ሚያስበው። አሁን የገፀ ባህሪዎቼን ስም በወረቀት ፅፌ ሰጥቻታለሁ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፋዋለች። ረጅም ነገር ምታስፅፉ ሰዎች ይሄን አድርጉ፣ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

አሁን ይሄን ያህል ስለ አንድ ታይፕ ቤት ሚያስቀባጥረኝ ምን እንደሆነ እንድትረዱኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልበል።

አያቴ እንደ አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ነበረች፣ ምላሷም ያው። ማታ ቡና እየተፈላ "እንቆቅልሽ" ትለኛለች፣ "ምን አውቅልሽ"፣ "ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ሚጠቀለል?"። ቁርበት ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ስድስት አመት ለሆናት ልጅ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ ሌላ ቦታ ምትፈልግ ከሆነ። ካቃተሽ "አገር ስጪኝ" ትላለች። እኛ ቤት ጎንደርን መስጠት ክልክል ነበር፣ ወንድሜ ሲጨንቀው እዛው ፎገራ ያለችውን ወረታን ይሰጣትና የራሴን አገር ለኔ ትሰጠኛለህ ብላ ትቆጣለች። ዋናው ነገር ግን አገሩን ከወሰደች በኋላ ነው። መልሱን ቶሎ አትናገርም። እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ሲኒውን ታለቀልቃለች፣ "ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ" አይነት ነገር እያለች ታሾፍብናለች፣ እኛ እዛ እየተቁነጠነጥን። መልሱ ሲመጣ ደሞ አይናችን ስር የነበረ ነገር ይሆናል። የወንጀል ልቦለድ ማለት ለኔ እስካሁን ይሄው ነው፣ መልሱ አንባቢው የተቀመጠበት ቁርበት መሆን አለበት፣ መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ ማይታወቅ ሰው አምጥተሽ "ገዳዩ እሱ ነው" ካልሽ አገር ወስደሽ መልስ አልሰጠሽም፣ ሌብነት ነው።

ከዛ ሬድዮ መጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብር ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ያልሰማ የኔ እድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤት ትረካው ሲጀምር ሬድዮ የሌላቸው ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ስፌታቸውን ይዘው፣ ያ ሰውዬ ቄሱንም ፊታውራሪውንም ሴቷንም በአንድ ጉሮሮ ይሆናል። ልክ ነገሩ ሲጦዝ ያበቃል። እናቴ ሬድዮውን "ምን አለበት ትንሽ ብትጨምር" ብላ ስትለምነው አስታውሳለሁ፣ ሬድዮውን ራሱን።

ትምህርት ቤት ደሞ የመፅሀፍ ኪራይ ነበር፣ በቀን ስሙኒ። ሱቅ ውስጥ ከሳሙናና ከሻማ ጎን ይደረደራሉ፣ ሽፋናቸው በካርቶን የተጠገነ። የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ታሪኮች፣ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መፃህፍት፣ እነሱን ለማግኘት ወረፋ ነው። እና ከእጅ እጅ ሲሄዱ ማን ይጎዳል፣ የመጨረሻዎቹ ገፆች። መርማሪው ሁሉንም ሰብስቦ "ገዳዩ" ይልና ቀጣዩ ገፅ የለም! ባለሱቁን ብትጠይቂው "ሲመጣም እንደዛው ነበር" ነው። እኔ በእረፍት ሰአት ላልተከራዩት ልጆች እተርክ ነበር፣ ቆሎ እየተከፈለኝ፣ እና ገዳዩ አልታወቀም ብዬ ቆሎዬን ማጣት አልፈልግም፣ ስለዚህ መጨረሻውን ራሴ እፈጥራለሁ። አንዳንዴ ለሁለት ቡድን ሁለት የተለያየ ገዳይ ሰጥቼ ተጣልተውብኛል። ልጆቹ ምን እንደሚሉ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ ደወል ተደውሎ ወደ ክፍል እየገባን እየጎተቱኝ "ከዛስ? ከዛስ?"።

እኔ ምፅፈው ለሱ ነው እንግዲህ። ጓደኞቼ "መቼ ነው ቁም ነገር ያለው ምትፅፊው" ይሉኛል፣ ቁም ነገር ማለት ሰው ማይሞትበት ማለት ነው መሰለኝ። ይሁን።

አሁን ወደ ልጅቷ። የመጀመሪያውን ደብተር ሰጥቻት ልወስድ ስመጣ ሂሳብ እየከፈልኩ ነው፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ፍላሹን እየነቀለች "እትዬ ሁለተኛው ደብተር የታለ?" አለችኝ። ገና እየፃፍኩ ነው አልኳት። "እና ሰውየውን ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ነው ሚሄዱት?"። ባለቤቱ ከዛ ማዶ "አንቺ ደሞ ስራሽን ስሪ" አላት። እኔ ግን ያን ቀን እስከ አውቶ ፓርኮ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ባጃጅ እያለፈኝ፣ ደስ ብሎኝ። ስንት አመት ስፅፍ፣ ሰው "ጥሩ ነው፣ በርቺ" ይለኛል፣ "በርቺ" እኮ ምንም አይደለም፣ ለሯጭም ይባላል። ጉድጓድ ውስጥ ስላለው ሰውዬ የተጨነቀልኝ ሰው ግን አልነበረም።

ከዛ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ታሪኩ ሚጀምረው በ1934 ነው፣ ጎንደር የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ህዳር ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ሰፈር ሻለቃው ሞቶ ሲገኝ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጣል። አውጫጭኝን ለማታውቁ፣ ወንጀል ሰርቶ የተሰወረ ሰው ሲኖር ያካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዲመሰክር ሚገደድበት የድሮ ስርአት ነው፣ ተነስቶ ወደ ቤት መሄድ የለም። በፈረንጅ የወንጀል ታሪክ ውስጥ ሰዎቹን አንድ ቤት ለመዝጋት በረዶ ያዘንባሉ ባቡር ያስቆማሉ፣ እኛ ግን አባቶቻችን ሰርተው አስቀምጠውልናል፣ ተጠርጣሪ ሁሉ አንድ ዋርካ ስር፣ እየተራበ፣ እየተያየ፣ እየጠቆመ። ልጅቷ አውጫጭኝን ሰምታው አታውቅም ነበር፣ ማታ አባቷን ጠይቃ መጣች፣ አባቷ ደሞ ከአባቱ የሰማውን ነግሯት እኔ ማላውቀውን ነገር ይዛልኝ መጣች፣ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚቀመጡ። አስገባሁት። እንግዲህ ለዚህ ያስከፈለኝ የለም።

ሁለተኛው ደብተር ሲያልቅ "ገዳዩ መሪጌታው ነው አይደል?" አለችኝ። ነበር። ሆዴ ቡጭ አለ። እንዴት አወቅሽ ስላት "ሁሉም ሲያለቅስ እሱ ብቻ እጣቢው የት እንደተደፋ ይጠይቃል፣ እርስዎ ደሞ ዝም ብለው እጣቢ አይፅፉም" አለች። በዚህ አይነት አይን ያነበበኝ ሰው የለም። እቤቴ ሄጄ መሪጌታውን ንፁህ አደረግኩት፣ እጣቢውን እንዳለ ተውኩት፣ አሁን እጣቢው ወደሌላ ሰው ነው ሚመራው፣ እና ሶስተኛውን ደብተር ስትተይብ አጠገቧ ቆሜ ፊቷን ሳይ ነበር። የሆነ ቦታ ላይ ጣቶቿ ቆሙ። ወደ ኋላ ሁለት ገፅ ገልብጣ አየች፣ ደብተሩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ ከዛ "አይ እትዬ" ብላ መተየብ ቀጠለች። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ መፅሀፉን ግዙ፣ ከወጣ።

ከዚ በፊት ሌላ ቤት ነበር ምሄደው፣ የት እንደሆነ ይቅር። እዛ አንድ ደብተር ሙሉ ተይበው ሲሰጡኝ ሁለት ገፅ ተዘሏል፣ የተዘለለው ደሞ ገዳዩ ሚናዘዝበት ነው! ማንም ልብ አላለውም፣ ታሪኩ ሳይናዘዝ ተፈርዶበት ያልፋል፣ ተያቢው ከላይ እስከታች ሲመታው ምንም ነገር አልጎደለበትም። ፋይሌንም ዴስክቶፕ ላይ በስሜ ተቀምጦ አይቼዋለሁ፣ ማንም መጥቶ በፍላሽ ሊወስደው ይችላል። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ ስራው ደራሲው እያለም ከሞተም በኋላ 50 አመት ይጠበቃል ይላል፣ ግን ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ የተበተነን መፅሀፍ ማን ይሰበስበዋል። እዚችኛዋ ቤት ስራው ሲያልቅ ፊቴ ነው ሚያጠፉት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር፣ ጠይቄ ነው ግን፣ ሳትጠይቁ አያደርጉትም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

ቅሬታዎቼ። አንድ፣ ወንበር የለም ብያለሁ፣ አንድ ዱካ አለች እሷም ላይ ሁሌ ወረቀት ተከምሯል። ሌላው መብራት ነው፣ ሲሄድ ሁሉም ይቆማል፣ ባትሪ የላቸውም፣ ልጅቷ በየደቂቃው ሴቭ የማድረግ ልማድ ስላላት የጠፋብኝ ነገር የለም ግን መጠበቁ ያው መጠበቅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መመረቂያ ፅሁፍ ሚያስገቡበት ሰሞን ደሞ ጭራሽ አትሂዱ፣ ቅያሱ ድረስ ሰልፍ ነው፣ ሁሉም "ዛሬ ነው ማስገባው" እያለ ይጮሀል፣ ፎቶ ኮፒው ሲጮህ ሲጮህ ይውላል፣ ያኔ ስራ ብትሰጧትም በሩጫ ነው ምትሰራው፣ የ"ሞቀ" ነገር የተፈጠረውም በዛ ሰሞን ነው። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው ግን ወሬኛ ነው፣ ስለ ታሪኬ ለደንበኛ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፣ "ይቺ ሴትዮ ሰው ምትገድለው" ብሎ ያስተዋውቀኛል፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ደንግጦ አይቶኛል።

ዋጋው ገፁ 20 ብር ነው ለኔ፣ እርማት የመጀመሪያው ዙር በነፃ፣ ከዛ በኋላ ያለው ይታሰባል። ፕሪንት ለብቻ። ርካሽ ቤት ፒያሳ ላይ ታገኛላችሁ፣ አልዋሽም፣ ማመልከቻና ሲቪ ከሆነ ያስፃፋችሁት ሄዳችሁ ርካሹ ጋ አስፅፉ፣ ለሱ ማንም "ከዛስ" እንዲላችሁ አትፈልጉም። ታሪክ ከሆነ ግን ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለችውን ልጅ ጠይቁ፣ ባለቤቱ ራሱ ልስራው ካለ በትህትና እምቢ በሉ። ጠዋት ሁለት ሰአት ተኩል አካባቢ ይከፍታሉ፣ እሁድ ዝግ ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አምስተኛው የዱካዋ ጉዳይ ነው፣ ወረቀቱን አንስተው ካስቀመጡኝ እመለስና አስተካክለዋለሁ። አራተኛው ደብተር ሊያልቅ ሶስት አራት ቅጠል ነው የቀረው፣ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደውላለች።